ስለ ኦፕራሲዮን ቻትቦት ልጠይቅ? የትኛውን፣ መቼ፣ ለምን ጉዳይ

ታላቅ እህቴ ማዮማ (የማህፀን እጢ) ወጥቶላት ቤት በገባች በ9ኛው ቀን ባቷን ያማት ጀመር። አንድ እግሯን ብቻ። ስልኳን አነሳችና ቻትቦቱን «ባቴን ያመኛል፣ ትንሽም አብጧል፣ ምን ላድርግ» አለችው። መልሱ ለዛ ነበረው፤ ጡንቻ ተኮማትሮ ሊሆን ይችላል፣ እግርሽን ከፍ አርጊው፣ ውሃ ጠጪ፣ ካልተሻለሽ ሐኪም አማክሪ ምናምን። እኔ ስልኩን ተቀበልኳትና ከታች አንድ መስመር ጨመርኩ፣ «ከ9 ቀን በፊት የማህፀን ኦፕራሲዮን ተደርጎልኛል፣ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቼ ነው የምውለው» አልኩት። ያው ቻትቦት፣ ያው ስልክ፣ አሁን «የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይ ደረትሽን ካመመሽ ደግሞ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል» አለ። ሄድን። የረጋ ደም ነበር።

ከዛ ወዲህ ሰው «ለህክምና የትኛው ቻትቦት ይሻላል» ሲለኝ መልሴ ሁሌ «ምን ልትጠይቀው ነው?» ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ ቤተሰብ ሲታመም ስልክ ይዞ የሚሯሯጠው ሰውዬ ነኝ፣ ግን አማራጮቹን ደጋግሜ ሞክሬያቸዋለሁ፣ ጥናቶቹንም አንብቤያለሁ። የማወዳድረው ስም በስም አይደለም፤ ዛሬ ቻትጂፒቲ ይሻላል ብላችሁ ነገ ጄሚናይ ወይ ክሎድ አዲስ ሞዴል ያወጣና ጽሁፉ ያረጃል። በአይነት ነው የማወዳድረው።

መጀመሪያ መስፈርቶቹ

መልሶ ይጠይቃል ወይ? ለኔ ይሄ ከሁሉም ይበልጣል። ሰርጅን ጋ ገብታችሁ «ሆዴን ያመኛል» ከማለታችሁ ጥያቄው ይዘንባል፤ የት ጋ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ቦታ ቀይሯል ወይ፣ ያስመልስሃል፣ ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን ተደርገሃል፣ ምን መድሃኒት ትወስዳለህ፣ ከዛ በእጁ ጫን ያደርግና ሲለቀው ፊታችሁን ያያል። የትርፍ አንጀት ህመም ብዙ ጊዜ እምብርት አካባቢ ጀምሮ ነው በኋላ ወደ ቀኝ ታች የሚወርደው፣ ይሄን ደግሞ ሳይጠየቅ የሚናገር በሽተኛ ስንት አለ? አብዛኛው ቻትቦት ግን የሰጣችሁትን ግማሽ ወሬ ይዞ ይሮጣል።

ይሄ የኔ ስሜት ብቻ አይደለም። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመራው በ2025 የወጣ ጥናት ላይ 1,298 ሰዎች የተጻፈ የህመም ታሪክ ተሰጥቷቸው ምን እንደሆነና የት መሄድ እንዳለባቸው፣ ከፊሎቹ በቻትቦት ከፊሎቹ በራሳቸው መንገድ፣ እንዲወስኑ ተደረገ። ቻትቦቶቹን የሚያንቀሳቅሱት ሞዴሎች ታሪኩ በሙሉ በቀጥታ ሲሰጣቸው በ94.9 በመቶው ላይ ትክክለኛ በሽታ መጥቀስ ችለዋል። በነዚሁ ሞዴሎች የተጠቀሙት ሰዎች ግን 34.5 በመቶ እንኳን አልሞሉም፣ በራሳቸው መንገድ ከፈለጉት ሰዎችም አልበለጡም። እውቀቱ ማሽኑ ውስጥ አለ ማለት ነው፣ መሀል መንገድ ላይ ነው የሚፈሰው፤ ሰው አሳጥሮ ይጠይቃል፣ ማሽኑ አይጠይቅም፣ ከሰጠው ዝርዝር ውስጥም ሰው ቀላሏን መርጦ ይተኛል።

አደገኛውን ምልክት ያስቀድማል ወይ? መልሱ 12 ነጥብ ኖሮት «ድንገተኛ ክፍል ሂዱ» የሚለው 11ኛው ላይ ከተቀመጠ ለኔ ወድቋል። ህመም ላይ ያለ ሰው እስከ 11 አያነብም።

መረጃው የመቼ ነው? እዚህ ጋ አንድ ምሳሌ ልቆይበት። በሳምንት አንዴ የሚወጉት ሴማግሉታይድ፣ ያ ለስኳርና ለክብደት የሚወሰደው፣ ጨጓራ ቶሎ እንዳይጸዳ ያደርጋል፣ ማደንዘዣ ላይ ደግሞ ሙሉ ጨጓራ ማለት ወደ ሳንባ የሚሄድ ትውከት ማለት ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማህበር በሰኔ 2023 በሳምንት የሚወሰደውን ከኦፕራሲዮኑ አንድ ሳምንት በፊት ዝለሉት ብሎ ነበር። በጥቅምት 2024 ግን ያው ማህበር ከሌሎች ጋር ሆኖ አብዛኛው ሰው መቀጠል ይችላል፣ እንደየሰውዬው ይታይ፣ ስጋቱ ከፍ ያለ ሰው ከ24 ሰዓት በፊት ጀምሮ ፈሳሽ ብቻ ይውሰድ አለ። አሁን አስቡት፣ ቻትቦቱ የተማረበት ጽሁፍ 2023 ላይ የቆመ ከሆነ የድሮውን ምክር ሙሉ በሙሉ በልበ ሙሉነት ይነግራችኋል፣ «ይሄ ሊቀየር ይችላል» እንኳን ላይል ይችላል። ሁለቱንም ያነበበው ደግሞ አንዳንዴ ይደባልቃቸዋል።

ምንጩን ከፍቶ ማየት ይቻላል ወይ? በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ቻትጂፒቲ ለህክምና ጽሁፎች የጠቀሳቸውን 115 ምንጮች አንድ በአንድ ሲያጣራ 47 በመቶዎቹ ጭራሽ የሌሉ፣ የተፈጠሩ ሆነው ተገኝተዋል፤ እውነትም ትክክልም የሆኑት 7 በመቶ ብቻ። አዳዲሶቹ ከዛ ተሽለዋል፣ በተለይ ኢንተርኔት ላይ ሰርች የሚያደርጉት፣ ግን ሊንኩን ሳልከፍት አላምንም።

ይሸነግላል ወይ? «ስፌቱ ጥሩ ይመስለኛል፣ ሰው ዝም ብሎ ያጋንናል፣ አይደል?» ብላችሁ ጠይቁትና እዩት። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ራሱ በሚያዝያ 2025 አንዱን ማሻሻያ ከመጠን በላይ ተጠቃሚውን ያሞካሻል ተብሎ ወደኋላ መልሶታል። ጥያቄያችሁ ውስጥ የምትፈልጉትን መልስ ከከተታችሁ ያንኑ መልሶ ሊያጎርሳችሁ ይችላል።

ሚስጥር። ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የልደት ቀን አይገባም። በቃ።

አንድ ነገር ሆን ብዬ መስፈርት አላደረግኩትም፣ የአነጋገር ለዛ። በ2023 ጃማ ኢንተርናል ሜዲስን የሚባል የህክምና መጽሔት ላይ በወጣው ጥናት 195 ጥያቄዎች ላይ የሐኪምና የቻትቦት መልስ ጎን ለጎን ተነቦ ገምጋሚዎቹ በ78.6 በመቶው የቻትቦቱን ነው የመረጡት። ግን የሐኪሞቹ መልስ በአማካይ 52 ቃል፣ የቻትቦቱ 211 ቃል ነበር። ጊዜ ያለው፣ የማይሰለች፣ የሚያባብል ነገር ደስ ይላል፣ እህቴንም ያዘናጋት እሱ ነው።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

ነፃው፣ ፈጣኑ ቻትቦት። አብዛኞቻችን ስልካችን ላይ ያለው ይሄ ነው። ቃላት ለማስረዳት ይበቃል፤ ላፓራስኮፒ ምንድነው፣ ድሬን (ፈሳሽ ማውጫ ቱቦ) ለምን ይገባል፣ የባዮፕሲ ውጤት ላይ ያለው ቃል ምን ማለት ነው። መልሶ የመጠየቅ ልምዱ ደካማ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ነፃ ኮታችሁ ሲያልቅ ሳታስተውሉ ወደ ትንሹ ሞዴል ያወርዳችኋል፣ ስለዚህ ጠዋት የመለሰላችሁና ማታ የመለሰላችሁ አንድ ላይሆን ይችላል። ሰርች ካላደረገ የመድሃኒት ማቆሚያ ቀን አትጠይቁት።

ክፍያ ያለው፣ አስቦ የሚመልሰው። ረጅም ታሪክ ሲሰጡት ያያይዛል፣ የላብ ውጤቱን ከመድሃኒቱ ጋር ያጋጫል፣ «ይሄን ሳትነግረኝ» ብሎ የመጠየቅ እድሉም ከፍ ይላል። ነገር ግን ክፍያው የሚገዛላችሁ ማሰቢያ ነው፣ እጅ አይገዛም። ሆድ አይጫንም፣ ቁስል አያሸትም። የፎቶ ነገርማ ብዙ ሰው ይሸወድበታል። የስፌት ፎቶ ልኮ «ኢንፌክሽን ነው ወይ» ማለት ቀላል ነው፣ ግን ኢንፌክሽን በሙቀቱ፣ በመጠጠሩ፣ በጠረኑ፣ ከትናንት ዛሬ በመባሱ ነው የሚለየው፣ ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ መቅላቱ በደንብ አይታይም፣ ጠቆር ወይም ወየብ ብሎ ነው የሚመጣው፣ በፎቶ መብራት ላይ ጭራሽ ይጠፋል። ፎቶ የምትልኩ ከሆነ በየቀኑ አንድ ቦታ፣ አንድ መብራት ላይ አንሱና ለሰርጅናችሁ አሳዩት፣ እዛ ይጠቅማል።

ፈልጎ ምንጭ የሚያሳየው። ፐርፕሌክሲቲና የሌሎቹም ሰርች ያለው አሰራር እዚህ ይገባል። ለወቅታዊነት አንደኛ ነው። ችግሩ ያገኘውን ሁሉ እኩል ያያል፤ የሰርጅኖች ማህበር መመሪያና የአንድ ክሊኒክ ማስታወቂያ ጎን ለጎን ይጠቀሱላችኋል። ሌላው ደግሞ ሊንኩ እውነት ሆኖ በሊንኩ ውስጥ የተባለው ነገር ግን ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ከተፈጠረ ምንጭ የባሰ ነው ምክንያቱም የተረጋገጠ ይመስላል። እኔ የማደርገው ሁለት ሊንክ መክፈት፣ ቀኑን ማየት፣ የጠቀሰውን ዓረፍተ ነገር ፈልጎ ማግኘት ነው። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ሲምፕተም ቼከር አፕ፣ ማለትም የህመም ምልክታችሁን እየጠየቀ ምን ሊሆን እንደሚችል የሚነግር አፕ። በአንድ ነገር ከቻትቦት ይበልጣል፣ ይጠይቃል፤ አዎ፣ አይደለም፣ የት ጋ እያለ ያስኬዳችኋል። ግን ቢኤምጄ የሚባለው የህክምና መጽሔት ላይ በ2015 የወጣው ጥናት 23 እንደዚህ ያሉትን ፈትኖ ትክክለኛውን በሽታ በመጀመሪያ ደረጃ ያስቀመጡት በ34 በመቶው ነው፣ የት ሂዱ የሚለው ምክራቸው ደግሞ በ57 በመቶው ልክ ነበር፤ ድንገተኛ የሆኑት ላይ 80 በመቶ ደርሰዋል፣ ቤት የሚታከሙት ላይ ነው የሚያስፈራሩት። በቅርብ ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ግን እነዚህ አፖች ላይ በደንብ አይገባም፣ ብዙዎቹ የተሰሩት ከሜዳ ለታመመ ሰው ነው።

የስጋት ካልኩሌተር። ሰው የማያውቀው አማራጭ ይሄ ነው። የአሜሪካ ሰርጅኖች ኮሌጅ ከ2013 ጀምሮ ዌብ ላይ በነፃ ያስቀመጠው አለ፤ የኦፕራሲዮኑን አይነት፣ እድሜ፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ወደ 20 የሚሆኑ ነገሮች ትሞሉና የኢንፌክሽን፣ የደም መርጋት፣ ዳግም ኦፕራሲዮን የመደረግ እድላችሁን በፐርሰንት ያወጣል። ወሬ አያወራም፣ አያባብልም። ቁጥሩ የመጣው ዳታ ከሚሰጡት ሆስፒታሎች ነው፣ የናንተን ሰርጅን አያውቅም፣ ስለዚህ ይዛችሁት ገብታችሁ «ይሄ በእርሶ እጅ ስንት ነው?» ብላችሁ የምትጠይቁበት ወረቀት አድርጉት። ቻትቦትን «የመሞት እድሌ ስንት ፐርሰንት ነው» አትበሉት፣ ቁጥር ከአየር ላይ ያወርድላችኋል።

የመውጫ ወረቀቱና ስልክ። አሰልቺ ነው አይደል? ሲወጡ የተሰጣችሁ ወረቀት ላይ የተጻፈው ቁጥር። የተሰራላችሁን የሚያውቅ፣ ምን እንደተቆረጠ፣ ድሬኑ መቼ እንደወጣ የሚያውቅ ብቸኛው አማራጭ ይሄ ነው። ችግሩ ስልክ ላይነሳ ይችላል፣ ሲነሳም «ነገ ና» ሊባል ይችላል፣ ወረቀቱም በሐኪም ጽሁፍ የተሞላ ይሆናል። ለዚህ ነው ከቻትቦት ጋር ማጣመሩ የሚያዋጣው።

| አማራጭ | መልሶ ይጠይቃል? | ወቅታዊነት | ምንጭ | ወጪ | የሚሆነው |
|---|---|---|---|---|---|
| ነፃ ፈጣን ቻትቦት | አልፎ አልፎ | ያለ ሰርች ደካማ | ራሱ ሊፈጥር ይችላል | ነፃ | ቃላትና ሂደት ለመረዳት |
| ክፍያ ያለው አሳቢ ሞዴል | የተሻለ፣ ካዘዙት | ሰርች ከበራ ጥሩ | ይሰጣል፣ ይጣራ | ወርሃዊ ክፍያ | ረጅም ታሪክ፣ ለቀጠሮ ዝግጅት |
| ፈልጎ ምንጭ የሚያሳይ | ብዙም | ከሁሉ የተሻለ | ሊንክ አለው | ነፃም ክፍያም | መመሪያ ተቀይሮ እንደሆን ለማየት |
| ሲምፕተም ቼከር | አዎ | እንደ አፑ | የለውም | አብዛኛው ነፃ | ኦፕራሲዮን ላልተደረገ ሰው |
| የስጋት ካልኩሌተር | ፎርም ነው | እንደ ዳታው | ይታወቃል | ነፃ | ለመወሰን |
| የመውጫ ወረቀትና ስልክ | አዎ | የናንተ ነው | ሰርጅኑ | የስልክ | ከኦፕራሲዮን በኋላ ሁሉም ነገር |

እንደየሁኔታችሁ

ገና እየወሰናችሁ ከሆነ ቻትቦት በጣም የሚጠቅምበት ቦታ ይሄ ነው፣ ጊዜ አላችሁ፣ ቢሳሳትም የሚያርመው ሰው ጋ ትሄዳላችሁ። ክፍያ ያለውን ወይም ሰርች የሚያደርገውን ተጠቀሙና «ይሄን ኦፕራሲዮን ባልደረግ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁት። ይሄ ጥያቄ ብዙ ነገር ይከፍታል። ምልክት የሌለው የሀሞት ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ይተዋል። በእድሜ ለተጎዳ ጉልበት የሚደረገውን አርትሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ የሚሰራ ኦፕራሲዮን) በ2017 ቢኤምጄ ላይ የወጣው መመሪያ ለሁሉም ማለት ይቻላል አይመከርም ብሎታል። ትርፍ አንጀት እንኳን፣ አዎ ትርፍ አንጀት፣ በ2020 ታትሞ የወጣ 1,552 ሰው ያሳተፈ ጥናት ላይ በአንቲባዮቲክ የታከሙት ብዙዎቹ ቢላ ሳይነካቸው ቆይተዋል፣ ከ10ሩ 3ቱ ገደማ ግን በ90 ቀን ውስጥ ኦፕራሲዮን ተደርገዋል፣ ውስጡ ጠጠር መሳይ ነገር ያለባቸው ደግሞ 41 በመቶ። ይሄን ይዛችሁ ሰርጅኑ ጋ ስትገቡ ወሬው ይለወጣል። ህመሙ አሁን እየጮኸ ከሆነ ግን ይሄ ክፍል ለናንተ አይደለም፣ ሂዱ።

ቀኑ ተቆርጦ መድሃኒትና ጾም ላይ ከሆናችሁ ቻትቦቱ ዝርዝር ያውጣላችሁ፣ ውሳኔውን ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ይስጥ። ደም ማቅጠኛ ልብ ውስጥ ስቴንት (የደም ስር ክፍት አድርጎ የሚይዝ ቱቦ) ላለው ሰው ማቆም አንድ ነገር ነው፣ ለሌላው ሌላ ነገር ነው። እነ ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን የሚባሉት የስኳር መድሃኒቶች ቢያንስ ከ3 ቀን በፊት እንዲቆሙ ነው የአሜሪካ መድሃኒት ተቆጣጣሪ በ2020 ያጻፈው፣ ሰው ግን «የስኳር ኪኒን» ብሎ ብቻ ይጠይቅና ስለ ሌላ ኪኒን ይመለስለታል። የኪኒኑን ስም ከካርቶኑ ላይ ገልብጡ። ለጾሙም ለጤነኛ ሰው ጥርት ያለ ፈሳሽ ማደንዘዣው 2 ሰዓት እስኪቀረው፣ ቀለል ያለ ምግብ 6 ሰዓት እስኪቀረው የሚለው የተለመደው መመሪያ ነው፣ የናንተ ሆስፒታል ከዛ ያጠበቀ ከነገራችሁ ግን የሆስፒታሉን ያዙ፣ በቻትቦት አትከራከሩ።

ተሰርታችሁ ቤት ከሆናችሁ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፣ ስልኩ ይቅደም ቻትቦቱ ይከተል። የመውጫ ወረቀቱን ስም ሸፍናችሁ ፎቶ አንሱና «በቀላል ቋንቋ አስረዳኝ፣ የሌለበትን ነገር አትጨምር» በሉት፣ ይሄን ነፃውም ይችለዋል። ትኩሳት ከ38 ዲግሪ በላይ፣ ከቁስሉ መግል፣ የማይቆም ደም፣ እየባሰ የሚሄድ ህመም፣ አንድ እግር ብቻ ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ሆድ ተነፍቶ ጋዝም አለመውጣት፣ ሽንት አለመውረድ ካለ ምንም ነገር አትጻፉ። እየጻፋችሁ ያለችው ደቂቃ መንገድ ላይ ብትሆኑ ይሻላል።

ክፍያ የማይመቻችሁ ከሆነ ነፃውን ከካልኩሌተሩና ከመውጫ ወረቀቱ ጋር አጣምራችሁ ተጠቀሙ። ከልቤ ነው፣ በደንብ የተጠየቀ ነፃ ቻትቦት በደንብ ካልተጠየቀ ውድ ይሻላል፣ የእህቴ ስልክ ላይ የነበረው ነፃው ነው።

በአማርኛ ስትጠይቁ አንድ ጣጣ አለ። እኛ «ጨጓራዬን» ስንል ከደረት በታች ያለውን ሁሉ ነው፣ የሀሞት ከረጢትም ሊሆን ይችላል፤ «ኩላሊቴን» ስንል ደግሞ ብዙ ጊዜ ወገባችንን ነው። ማሽኑ ቃሉን እንዳለ ይወስድና ስለ ጨጓራ አሲድ ያወራችኋል። በአካል ክፍል ስም ከመናገር በቦታ ተናገሩ፣ «ከጎድን አጥንቴ ስር፣ በቀኝ በኩል፣ ወደ ትከሻዬ የሚወጣ» ብላችሁ። «2 ሰዓት» ስትሉም የቆየበት ጊዜ ይሁን የሰዓት ቁጥር ግልጽ አድርጉ።

እኔ አሁን የምጠቀምበትን ልተውላችሁ፣ ገልብጣችሁ ሙሉት፦

«እድሜ ___፣ ጾታ ___። ከ___ ቀን በፊት ___ ኦፕራሲዮን ተደርጎልኛል / በ___ ሊደረግልኝ ነው። ሌላ በሽታ ___። የምወስዳቸው መድሃኒቶች ከነ መጠናቸው ___። አለርጂ ___። አሁን ያለው ነገር ___፣ የጀመረው ___፣ እየባሰ / እየተሻለ ነው። ከመመለስህ በፊት የጎደለህን ጠይቀኝ። ከዛ አሁኑኑ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነገር ካለ እሱን መጀመሪያ ጻፍ። የማታውቀውን አላውቅም በል። በመጨረሻ ሰርጅኔን የምጠይቃቸው 5 ጥያቄዎች አውጣልኝ።»

መጀመሪያው መስመር ላይ ያለችውን «ከ___ ቀን በፊት» የምትለዋን እንዳትዘሏት።